የሦስተኛ ፎቅ ካሴቶች

ሌባ ቤት ሲገባ ሌላው ቢቀር ቴሌቪዥኑን አየት ያደርጋል። ይሄኛው ግን ቴሌቪዥኑንም፣ ላፕቶፑንም፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን የወርቅ ሐብልም ከቁብ ሳይቆጥር፣ ከመጻሕፍት መደርደሪያው የታችኛው ረድፍ ሰባ ስምንት ያረጁ ካሴቶች ለቅሞ ሄዷል። በሩ አልተሰበረም። መስኮቶቹም እንደተዘጉ ናቸው። ካሴቶቹ የነበሩበት ቦታ ብቻ አቧራ ሳይነካው ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል።

ኢንስፔክተሩ በቅርበት ለማየት ቁጢጥ አለ፤ ለመነሣት ግን መደርደሪያውን መደገፍ ነበረበት። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ዓመት ቢቀረውም ጉልበቱ ቀድማው ጡረታ ወጥታለች።

«ምን ዓይነት ዘፈን ነበር?» ሲል ጠየቀ።

«ዘፈን አይደለም፤ ድራማ ነው» አለች የቤቱ ባለቤት። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ፋርማሲስት ናት። ከሥራ እንደገባች ስለደነገጠች ነጭ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም። «ሦስተኛ ፎቅ።»

ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሊጽፍ የነበረው እጁ ቆመ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት። ያኔ እሱ የፖሊስ ምልምል ነበር። ሁለት መቶ ጎረምሳ ማሠልጠኛው አዳራሽ ውስጥ በአንዲት ቴሌቪዥን ፊት ተጠቅጥቆ የዚያን አሮጌ ሕንፃ ነዋሪዎች ኑሮ ያይ ነበር። ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር አዳራሹ በሳቅ ይናወጣል። አሳዛኝ ክፍል የሆነ ዕለት ደግሞ መብራቱ ሲበራ ያ ሁሉ ጎረምሳ እንባው እንዳይታይበት አጎንብሶ ጫማውን ያስራል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆነው። እንዲህ የሚናፍቀው አይመስለውም ነበር።

«ቪዲዮ መቅጃ አልነበረንም» አለች ፋርማሲስቷ። «የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቴፑን ከቴሌቪዥኑ ሥር አስጠግቼ በየሳምንቱ እቀዳ ነበር። በኋላ ዌብሳይት ከፈትኩና ካሴቶቹን እየሰማሁ የሰባ ስምንቱንም ክፍል ንግግር ቃል በቃል ተይቤ አወጣሁ። አሥራ አምስት ዓመት ፈጀብኝ። ዛሬ በየአገሩ ያሉ ወዳጆቹ እየገቡ ያነቡታል።»

«ከተተየበ ታዲያ ካሴቱ ምን ያደርጋል?» አለች ሳጅኗ። ከኢንስፔክተሩ ጋር ሃያ ዓመት አብራ ሠርታለች፤ ያንን ድራማ አንድም ቀን አይታ አታውቅም፣ በዚህም ትኮራለች።

ፋርማሲስቷ ወደ ባዶው መደርደሪያ ዞረች። «አባቴ አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ነው የሞተው። እሱ ያለው እነዚያ ካሴቶች ውስጥ ብቻ ነው። ሌላውን ዕቃ ሁሉ ቢወስዱት ደስ ባለኝ።»

ኢንስፔክተሩ ይህንንም ጻፈው። ከዚያ ጠላት እንዳላት ጠየቃት። ከሦስት ሳምንት በፊት የቴሌቪዥን ጣቢያው ጠበቃ የጻፈላትን ደብዳቤ አወጣችለት። የድራማው ጽሑፍ በመጽሐፍ መልክ ስለታተመ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከድረ ገጿ ላይ ካላወረደች በቅጂ መብት ጥሰት ትከሰሳለች ይላል።

«ትርፍ ቁልፍ ማን ጋ አለ?»

«ፊት ለፊት፣ እማማ ጋ።»

እማማ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰባውን አልፈዋል፤ ግን በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው የስፌት መኪናቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ደረጃው ሙሉ በሙሉ ይታያቸዋል።

«እማማ፣ ዛሬ እዚህ በር ላይ የማያውቁት ሰው አይተዋል?»

«የማላውቀው ሰው?» አሉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው። «ልጄ፣ በዚህ ደረጃ ዝንብ ብትወጣ ሳላያት አታልፍም። የማላውቀው ሰው አልመጣም።»

«ቁልፉስ?»

«ይኸው አንገቴ ላይ።»

ኢንስፔክተሩ አመስግኗቸው ደብተሩ ላይ «ምንም» ብሎ ጻፈ። በኋላ ይቺን ቃል ባየ ቁጥር ያፍር ነበር።

ጠበቃው በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ውስጥ በትሕትና ተቀበላቸው። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ብዕር በቀር ምንም የለም።

«ሴትዮዋ መጥፎ ሰው ናቸው አላልኩም» አለ። «ግን የሰው ድርሰት ቃል በቃል ገልብጦ መለጠፍ መብት መጋፋት ነው። ስለ ድራማው አስተያየት ይጻፉ፣ ትዝታቸውን ያውሩ፣ ማንም አይከለክላቸውም። ጽሑፉ ግን የደራሲውና የጣቢያው ነው። መውደድ ፈቃድ አይሆንም።»

«ደብዳቤዎ ሲደርሳት መልስ ሰጠች?»

«ሰጥተዋል። መልሳቸው ‹ካሴቶቼን ይዤ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ› ይላል። ቅጂውን ለሚመለከተው ሰው ልኬ ዋናውን ፋይል ውስጥ አስገባሁት።»

ስርቆቱ በተፈጸመበት ረቡዕ የት እንደዋለ ሲጠየቅ ቀኑን ሙሉ ችሎት ላይ እንደነበር ተናገረ። ሳጅኗ ደውላ አጣራች፤ ልክ ነው።

«ጠበቃ ካሴት ይሰርቃል ብለህ ነው?» አለችው ደረጃውን ሲወርዱ። «እነሱ ከፈለጉ በወረቀት ይወስዱታል።»

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቅጽል ስሙ ቆጣሪው። ስለዚያው ድራማ ሌላ ድረ ገጽ አለው። ከፋርማሲስቷ ጋር ለስድስት ዓመት ተኳርፈዋል። አውቶቡሱን ሲያጥብ አገኙት፤ አንድ ጉንጩ ኳስ አክሏል።

«ሊፍቱ በሰባ ስምንት ክፍል ውስጥ መቶ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተበላሽቷል» አለ ጉንጩን ይዞ። «እሷ መቶ አሥራ ስምንት ትላለች።»

«የተጣላችሁት ለዚህ ነው?» አለች ሳጅኗ።

«ለዚህ ሰው ይጣላል እንዴ? የተጣላነው በክፍል አርባ አንድ ነው። ሰዓት ሠሪው ልጁ ሻንጣዋን ይዛ ስትሄድ በር ላይ ቆሞ ይቀራል፣ አይደል? አሥራ ሁለት ሴኮንድ ዝም ይላል። ከዚያ ሚስቱ መጥታ በሩን ትዘጋዋለች። አለቀ። እሷ ግን በዚያ ዝምታ ላይ ሰዓት ሠሪው ተናገረ ብላ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምራለች። እኔ ክፍሉ በቪዲዮ አለኝ፤ አንድም ቃል የለም። አርሚ ብላት እምቢ አለች። እንዴት ሰው ሐሰት ይጽፋል?»

ኢንስፔክተሩ ያ ዝምታ ትዝ አለው። ሁለት መቶ ምልምል ያኔ ትንፋሹን ውጦ ነበር።

«ካሴቶቿን ወስደህ ልታጋልጣት አስበህ ይሆን?»

«ረቡዕ እኮ ጥርሴን ሳስነቅል ነው የዋልኩት» አለና አፉን ከፍቶ አሳያቸው። ሳጅኗ ፊቷን አዞረች። የጥርስ ሐኪሙም እውነት ነው አለ፤ እንዲያውም በሽተኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የክሊኒኩን መብራቶች ሲቆጥር እንደነበር ጨመረበት።

ወደ ደራሲው ቤት የሄዱት ለምርመራ ብቻ ነው ቢባል ውሸት ይሆናል። ኢንስፔክተሩ ከመውጣቱ በፊት መስተዋት አይቷል፤ ሳጅኗ ይህንን ልብ ብላለች።

ደራሲው ሰማንያ ሞልቷቸዋል። በሩን ራሳቸው ሲከፍቱ ኢንስፔክተሩ ሳያስበው ቀጥ ብሎ ቆመ። መልካቸው አልጠፋውም። በድራማው ውስጥ የሕንፃውን ዘበኛ ሆነው የሠሩት እሳቸው ነበሩ፤ የነዋሪውን ሁሉ ትርፍ ቁልፍ በትልቅ ቀለበት ይዘው የሚዞሩት፣ ማንም ቤቱን ሲቆልፍ አደራ የሚላቸው ሰው።

«ተዋናዩ የመጀመሪያውን ቀን ቀረና ለዛሬ ብቻ አንተ ሁን አሉኝ» አሉ ሻይ እየቀዱላቸው። «ዓመት ከመንፈቅ ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሰው ቁልፌን ያዝልኝ ይለኛል።»

ኢንስፔክተሩ ሳቀ፤ ከልቡ ሳቀ። ከዚያ ስለ ካሴቶቹ ነገራቸው። ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ያሳዝናል» አሉ። «እኔ እንኳ ከጉልበቴ የተነሣ ሰሞኑን ከቤት አልወጣሁም።»

«የጽሑፉ ዋና ቅጂ እርስዎ ጋ አለ፣ ጋሼ?»

«እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው» አሉ ወደ አንድ የእንጨት ሳጥን በአገጫቸው አመልክተው።

ሌላ ሰው ቢሆን ኢንስፔክተሩ ሳጥኑን ክፈተው ይለው ነበር። እሳቸውን ግን ገዝቶ የመጣውን የድራማውን መጽሐፍ እንዲፈርሙለት ጠየቃቸው። ሽማግሌው ፈርመው መለሱለት።

በመጽሐፉ ሌባውን ያገኘችው ሳጅኗ ናት። ቢሮ ውስጥ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ስታየው አገላበጠችው፤ የጀርባ ሽፋኑ ላይ በትልልቁ የተጻፈውን ጮክ ብላ አነበበች።

«‹በሩን አትዝጉት፣ ገና ደረጃ ላይ ናት።› ሰዓት ሠሪው፣ ክፍል አርባ አንድ።» ቀና አለች። «ስማ፣ ያ ባለጉንጩ በዚህ ቦታ ማንም አልተናገረም አላለም?»

ኢንስፔክተሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሣ። ቆጣሪው ዘንድ ሄደው ቪዲዮውን አዩት። ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ በር ላይ ቆሟል። አሥራ ሁለት ሴኮንድ፤ አንድም ቃል የለም። ያ ቃል ያለው በፋርማሲስቷ ድረ ገጽና በደራሲው መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው።

ፋርማሲው በሰው ተጨናንቆ ነበር። ጀርባ ባለው የመድኃኒት ማከማቻ ክፍል፣ በካርቶኖች መካከል ቆመው ጠየቋት።

«ሰዓት ሠሪው ያላለውን ቃል ከየት አመጣሽው?»

ፋርማሲስቷ ቀላች። «የአባቴ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሲያይ ነው የተናገረው። ሰው ከቴሌቪዥን ጋር ያወራ የለ? ቴፑ ቀዳው። ስተይብ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ባዶውን ልተወው አልቻልኩም። ለሰዓት ሠሪው ሰጠሁት። የሰው ድርሰት ላይ መጨመር ጥፋት ነው፣ አውቃለሁ። ግን የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ስሙ የትም ቦታ አልተጻፈም። አንዲት ቃሉ እንኳ የሆነ ቦታ ትኑር ብዬ ነው።»

«መጽሐፉ ላይ ስታይውስ?»

«መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ያ የጠበቃ ደብዳቤ መጣ። ከእኔ ገልብጠው እኔን ሌባ ሲሉኝ ተናደድኩ። የጀርባ ሽፋኑ ላይ ያለው ቃል የእናንተ አይደለም፣ ካሴቱ ምስክሬ ነው ብዬ አድራሻዬን ጭምር ጽፌ መለስኩላቸው።»

ሳጅኗ ወዲያው ወደ ጠበቃው ደወለች። «ቅጂውን ለሚመለከተው ሰው ላክሁ ያሉት፣ ለማን ነው?» አዳመጠችና ስልኩን ዘጋች። ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረች። እሱ ቀድሞ ገብቶታል።

እማማ አሁንም መኪናቸው ላይ ናቸው።

«እማማ፣ ያን ቀን የማያውቁት ሰው አልመጣም ብለውኛል። የሚያውቁትስ ሰው መጥቷል?»

እማማ አፈሩ፤ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ሚስጥር ነው። ሳይታሰብ ተመልሶ ሊያስደስታት ነው፤ አትንገሪያት ብሎኛል።»

«ማን?»

«ዘበኛው ነዋ። የሦስተኛ ፎቅ ዘበኛ። ልጅቷን ሊያነጋግር መጥቶ አጣት። ሊመለስ ሲል ጉልበቱ አሳዘነኝና ግባና እረፍ ብዬ ከፈትኩለት። ሲወጣ እንደ ምርኩዝ የሚጎትተው ባለጎማ ቦርሳ ከብዶት ነበር፤ እስከ ታች ድረስ አገዝኩት።»

«እማማ» አለች ሳጅኗ ቀስ ብላ፣ «የሰው ቤት ከፍተው ሰጡት?»

«ለእሱ?» እማማ ቅር አላቸው። «የዚያን ሁሉ ሰው ቁልፍ ይዞ አንድ ቀን እንኳ ዕቃ ጎድሎበት አያውቅም።»

ሳጅኗ ቃላቸውን ደብተሯ ላይ ጻፈች። ኢንስፔክተሩ ደግሞ እማማን የሚወቅስበት አፍ አልነበረውም፤ እሱም ሳጥኑን ያላስከፈተው በዚሁ ምክንያት ነው።

ደራሲው በዚህኛው ጊዜ ሻይ አላቀረቡም። ኢንስፔክተሩ ገና ሳይናገር ወደ እንጨት ሳጥኑ ሄደው ከፈቱት። ውስጡ ካሴቶቹ ነበሩ፤ በቁጥር ተራ፣ በጥንቃቄ ተደርድረዋል። ወረቀት የሚባል ነገር ግን የለበትም።

«የእኔ ጽሑፍ ምድር ቤት ተቀምጦ ውሃ በላው» አሉ እንደቆሙ። «ሃያ ዓመት ሆነው። ጣቢያው መጽሐፍ እናውጣ፣ ዋናውን አምጣ ሲለኝ የለኝም ማለት አሳፈረኝ። አንድ ሰው ይቺን ድረ ገጽ አሳየኝ። ሁሉም አለ። ሳሉ፣ ሳቁ፣ የት ቦታ ዝም እንደሚባል ሳይቀር። መብቱ እኔ ጋ፣ ጽሑፉ እሷ ጋ። ገለበጥኩት።»

«ያቺ ቃል የእርስዎ እንዳልሆነች አላወቁም?»

«በእኔ ዕድሜ ሰው ምን እንደጻፈ በምን ያውቃል? አስታወስኳት ብዬ አመንኩ። ጋዜጣው፣ ‹ደራሲው ከጻፈው ሁሉ የላቀች ናት› ሲል ኮራሁ። ከዚያ የሷ ደብዳቤ መጣ።» ወንበሩን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ይቅር በይኝ ልላት ነበር የሄድኩት፤ በእውነት። ሴትዮዋ በሩን ስትከፍትልኝና ካሴቶቹን ሳያቸው ሰይጣን አሳሳተኝ።»

ሳጅኗ ከመካከላቸው አንዱን አነሣች። ቁጥር አርባ አንድ። በላዩ እንዳይቀዳበት ከጀርባው የምትሰበረው ትንሽ ፕላስቲክ ተሰብራለች፤ ቀዳዳው ላይ ግን አዲስ ፕላስተር ተለጥፏል። በላዩ ለመቅዳት፣ ያለውን ለማጥፋት የሚደረግ ነገር ነው። ኢንስፔክተሩ ፕላስተሩን በጣቱ ነካ።

«ጋሼ፣ አጠፉት?»

«ቦታውን ለማግኘት መጀመሪያ ማዳመጥ ነበረብኝ» አሉ ሽማግሌው። «አዳመጥኩት። ከዚያ በኋላ እጄ አልታዘዘኝም።»

ኢንስፔክተሩ ካሴቱን ከሳጅኗ ተቀብሎ ሳጥኑ ውስጥ መለሰው። የሚወደውን ሰው በቁጥጥር ሥር ማዋል በሠላሳ ዓመት አገልግሎቱ ገጥሞት አያውቅም። «ኮትዎን ይልበሱ፣ ጋሼ» አለ በመጨረሻ። ደረጃውን ሲወርዱ ክንዳቸውን የያዘው እንዳያመልጡ ሳይሆን እንዳይወድቁ ነው። ደራሲው ጣቢያ እንደደረሱ ከቃላቸው በፊት ሌላ ወረቀት ጠየቁና፣ በድርሰታቸው ላይ ባላቸው መብት ፋርማሲስቷ ጽሑፉን በድረ ገጿ ላይ እንድታቆይ ፈቅጃለሁ ብለው በእጃቸው ጻፉ። ጠበቃው ቅጂው ሲደርሰው ክሱን እንደማይገፋበት በሁለት መስመር አሳወቀ።

በሕጉ መሠረት የተሰረቀ ዕቃ ከመመለሱ በፊት ባለቤቱ የኔ ነው ብሎ ማረጋገጥ አለበት። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ፋርማሲስቷ ኢንስፔክተሩ ቢሮ ተጠራች። የካሴት ማጫወቻ ከየት ይምጣ ሲባል ቆጣሪው ሰምቶ የራሱን ላከ።

አርባ አንደኛውን አስገቡት። የእርምጃ ድምፅ፣ የሻንጣ ድምፅ፣ ከዚያ ያ ዝምታ። ከዝምታው ውስጥ ከማይክሮፎኑ በጣም ቀርቦ የአንድ ሰው ሻካራ ድምፅ መጣ፤ «በሩን አትዝጉት፣ ገና ደረጃ ላይ ናት።» ወዲያው የአንዲት ልጅ ቁጡ ሹክሹክታ ተከተለው። «አባዬ ዝም በል፣ እየቀዳሁ ነው።» ሰውየውም ቀስ ብሎ፣ «እሺ፣ እሺ» አለ።

«ይሄኛውን አልተየብኩትም» አለች ፋርማሲስቷ።

ሳጅኗ ወረቀቱን እንድትፈርም ልታቀርብላት ስትል እሷ ካሴቱን አውጥታ አርባ ሁለተኛውን ከተተች። በጣቷ ወደፊት እያሻገረች አንድ ቦታ ላይ አቆመችው። ተዋናዮቹ ያወራሉ። ከእነሱ ንግግር ጀርባ የቤት በር በጥንቃቄ ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ።

«ይኸው፣ ወጣ» አለች።

«ወዴት?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ኮሪደር። ያስለው ነበር። ቀረጻዬ እንዳይበላሽ ውጭ ወጥቶ ነው የሚስለው። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ቃል አልተናገረም።»

ሦስቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ሳጅኗ ጭምር። ሁለት ደቂቃ ያህል ሄደና በሩ እንደገና፣ ያንኑ ያህል በቀስታ ተከፍቶ ተዘጋ።

«ገባ» አለች ፋርማሲስቷ።

ኢንስፔክተሩ ወደቀሩት ካሴቶች ተመለከተ። «ሁሉም ካሴት ላይ አለ?»

«እስከ ስልሳ ሦስተኛው» አለች።